ተረት ከመተረታችን በፊት…

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ጽሑፍ በምሳሌያዊ አነጋገር መጀመሬ ራሱ ሳያስቅ አይቀርም፤ ምክንያቱም ላወራ የተነሳሁት ተረትና ምሳሌ አላግባብ ስለምናበዛው ስለ እኛ ስለ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። ግን ምን ላድርግ? ልማድ ነው። ባለፈው ሰሞን ከፍሬሽ ጀምሮ የጻፍኳቸውን አሳይመንቶች ከሻንጣዬ አውጥቼ ስቆጥራቸው ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ በተረት ይጀምራሉ። ከቀሩት አምስቱ ደግሞ ሦስቱ በተረት ያልቃሉ። የክፍሌን ልጆች ስጠይቅም ከእኔ የሚሻል ብዙ አላገኘሁም። አንዱማ «እኔ መጀመሪያ ተረቱን ነው የማገኘው፣ ዜናውን ኋላ እፈልግለታለሁ» ብሎ አስቆኛል።

ያኔ ስቄ አለፍኩ። ከዳቦው ታሪክ በኋላ ግን ይሄ አባባል ሳቅ ብቻ አልሆነልኝም። የዳቦው ታሪክ ምን መሰላችሁ… እስቲ ከመጀመሪያው ልነሳ፤ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና። (ይኸው ደገምኩት!)

ብንወደው አይፈረድብንም

በመጀመሪያ ተረትና ምሳሌ ምን ያህል እንደሚጥመኝ ልናገር፤ ኋላ ጠላችው እንዳትሉኝ። የሰውን ጠባይ ባጭሩ ለመያዝ የሚቀድመው የለም። የራሱን ጉድ ትቶ የሰው ጓዳ የሚፈትሽ ሰውን አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈን ከምንገልጸው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብንል ይበቃል። ድስቱም፣ ጭሱም፣ ሴትየዋም ፊታችን ድቅን ይላሉ።

ሌላው ደግሞ ያልተጠየቀውን የሚመልስ የሥራ ኃላፊ ነው። «በጀቱ የት ደረሰ?» ስትሉት «ዘንድሮ ሰፊ ንቅናቄ ተፈጥሯል» የሚላችሁ ዓይነት። እሱን «በቅሎ አባትሽ ማነው ሲሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ከሚለው አባባል የበለጠ የሚገልጸው የለም። የበቅሎ አባቷ አህያ ነው። እናቷ ፈረስ ስለሆነች አጎቷም ፈረስ መሆኑ እውነት ነው፤ አልዋሸችም። ግን መልስም አልሰጠችም። በኢንተርቪው ኮርስ ሁለት ክፍለ ጊዜ የፈጀብንን ትምህርት በቅሎዋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሳዋለች።

አባባሎቹ እንዲህ አጥረውና ቤት መትተው የቆዩልን በከንቱ አይደለም። አብዛኛው ሰው በቃል ይኖር በነበረበት ዘመን፣ የማይረሳ ዕውቀት ማለት አፍ ላይ የሚቀል፣ ጆሮ ላይ የሚጥም ዕውቀት ነበር። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለው የሚቀረን በምክሩ ብቻ ሳይሆን «ሲያመልጥ»ና «ሲመለጥ» ስለተጫወቱልን ጭምር ነው። በቤተ ክህነት የቅኔ ትምህርት ደግሞ ሰምና ወርቅ የሚባለው ነገር አለ፤ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ። በዚያ ትምህርት ያለፉት አለቃ ገብረ ሐና ከዘመናቸው ሊቃውንት አንዱ ሆነው ሳሉ ሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የቀሩት በቀልዳቸው ነው። አህዮች የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደራችሁ?» ብለው ሰላምታ ሰጡ የሚባለውን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አንዲት «ችሁ» ሴትየዋንና አህዮቿን አንድ ላይ ሰላም አለቻቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሀብት ይዞ ጋዜጠኛ ተረት አይጠቀም ማለት፣ ወጥ ሠሪን ጨው አትንኪ እንደ ማለት ነው። እኔም እንደዚያ አልልም። ጥያቄዬ ጨው መቼ ይጨመር፣ በማን ቁስል ላይስ ይነስነስ የሚል ነው።

የዳቦው ነገር

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ኮርስ የግድግዳ ጋዜጣ እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። ያኔ በካፌ ዳቦ ማጠር ጀምሯል። ጠዋት ማልዶ የተሰለፈ ሻይ በዳቦ ይበላል፤ አርፍዶ የመጣ ሻይ በሻይ ይጠጣል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። የተራበ ተማሪ ደግሞ ጠርጣሪ ነው። ዳቦ በመስኮት የሚያድሉ አንዲት እናት አሉ፤ እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው። «ማታ ማታ ፌስታል ሞልታ ስትወጣ አየናት» የሚል ወሬ ከዶርም ዶርም ዞረ።

እኔም ወረቀትና እስክሪብቶዬን ይዤ ወጣሁ። ሰባት ተማሪ አነጋገርኩ። ሰባቱም ስለ ፌስታሉ ነገሩኝ፤ በዓይኔ አየሁ ያለኝ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ውስጡ ምን እንደነበር ደግሞ እሱም አላየም። የካፌውን ኃላፊ ለማግኘት አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ተኩል ቢሮው ሄድኩ፤ ተዘግቷል። በምሳ ሰዓት ቢሮ የሚከፈት ይመስል! ተመልሼ መጥቼ ያቺን የምናውቃትን ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «የሚመለከተውን አካል ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት ሊሳካ አልቻለም።» እትዬን ግን ጭራሽ አላነጋገርኩም። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ደግሞም ርዕሱን አግኝቼ ነበር። ያን የመሰለ ርዕስ አግኝቼ ሰው ጠይቄ እንዲበላሽብኝ አልፈለግኩም።

ርዕሱ «ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚል ነበር።

ልክክ አለልኝ! ዳቦው አለ፣ ሌባው አለ፣ አባባሉ የአባቶች ነው። ስማቸውን አልጻፍኩም፤ «አንዲት የካፌ ሠራተኛ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ዳቦ የሚያድሉት ሴት ግን አንድ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋዜጣው በተለጠፈ በሰዓቱ ግድግዳው ሥር ሰው ተሰበሰበ። ሳቁ እስከ ክፍላችን ይሰማ ነበር። አንዱ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የጻፍኩት ነገር እንዲያ ተነቦልኝ አያውቅም።

በነጋታው ሰልፍ ላይ «ዳቦ ላሽ መጣች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሳምንቱ እትዬ መስኮቱ ላይ የሉም። ለካ ራሳቸው ጠይቀው ወደ ሳህን ማጠቢያው ተዛውረዋል።

በኋላ ነገሩ ሲጣራ፣ ዳቦው ከሚመጣበት ቦታ ጀምሮ ጎድሎ ነበር የሚገባው። ሲረከቡ በሳጥን እንጂ በፍሬ አይቆጠርም ነበር። በፍሬ መቁጠር ሲጀመር ዳቦውም በቃ። ፌስታሉስ? ከጠረጴዛ የተጠረገ ፍርፋሪ ነው፤ በግቢው ፈቃድ ለዶሮዎቻቸው ይወስዱት ነበር። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይሄ ነው። ዳዋውን የመታሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለእያንዳንዱ ተረት ባላንጣ አለው

ይሄ ከሆነ በኋላ ራሴን አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ ያ አባባል ምን መረጃ ሰጠኝ? ምንም። እትዬ ሰርቀው ቢሆንም ባይሆንም እኩል ይጥም ነበር። ታዲያ እንደ ማስረጃ ሆኖ የታየኝ ለምንድን ነው?

አንድ ምሽት እኔና የዶርም ጓደኛዬ ለጨዋታ ያህል ተረትን ከተረት ማጋጠም ጀመርን። እሷ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ስትል እኔ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» አልኩ። እኔ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ስል እሷ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» አለች። «ዝም አይነቅዝም» ብላ ዝም ስታሰኘኝ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብዬ አፌን ከፈትኩ። ሻማ ባይኖረንና መብራት ባይጠፋ ኖሮ እስኪነጋ እንቀጥል ነበር።

ከዚህ ምን ተማርን? አባቶቻችን እርስ በርሳቸው ተቃረኑ ማለት አይደለም። ሰው ራሱ ተቃራኒ ነው፤ አንድ ቀን መድኃኒት፣ አንድ ቀን መርዝ ይሆናል። ተረቶቹ የሚናገሩት ሰው እንዲህም ሊሆን እንደሚችል ነው። እገሌ ዛሬ ይህን አድርጓል የሚለውን ግን አንድም ተረት አያውቀውም። እሱን የምናውቀው ሄደን፣ ጠይቀን፣ ቆጥረን ነው። በዳቦው ጉዳይ እውነቱን ያወጣው ተረት ሳይሆን ዳቦውን በፍሬ የቆጠረው ሰው ነው።

ሌላም አለ። ተረቱን የምንመርጠው እኛ ነን። «ሌባ ለአመሉ» ከማለት «አይጥ በበላ» ማለትም እችል ነበር፤ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ያስመረጠኝ ቀድሞ በልቤ የፈረድኩት ፍርድ ነው። ማለትም ተረቱ ፍርዴን አላመጣውም፤ ፍርዴን አሽሞንሙኖ የአባቶች ድምፅ አለበሰልኝ። «እኔ እንዲህ አስባለሁ» ብዬ ብጽፍ ሰው «አንቺ ማነሽ?» ይለኛል። «ያገሬ ሰው እንዲህ ይላል» ስል ግን ከኋላዬ አገር ሙሉ ሰው የቆመ ይመስላል። ሲጠየቁ ደግሞ ማምለጫ ነው፤ «እኔ አላልኩም፣ ተረቱ ነው ያለው» ይባላል። አብዬን ወደ እምዬ!

«በላ ልበልሃ»

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሐሳቤን ሲሰማ አጥብቆ ተቃወመኝ። «አባቶቻችን በችሎት ሳይቀር በምሳሌ አይደል እንዴ የሚሟገቱት? አንቺ ከነሱ ልትበልጪ ነው?» አለኝ። ጥሩ ነጥብ ነው፤ ጥቂት ቀን አሳስቦኛል።

እውነትም በድሮው ሙግት ነገር አዋቂ የሚባለው ሰው በቅኔ፣ በምሳሌና በጨዋታ ባላጋራውን የሚረታ ነበር። የሙግቱ መጠሪያ ራሱ ግን «በላ ልበልሃ» ነው። ልብ በሉ፦ «በል» የሚለው አንዱ ነው፣ «ልበልህ» የሚለውም ያው ሰው ነው፣ መሐላቸው ላይ ግን የሌላው ተራ አለ። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እመልስልሃለሁ። ሁለቱም ቆመዋል፣ ዳኛም አለ፣ የሚሰማ ሸንጎም አለ። እዚያ ላይ ተረት የወረወረ ሰው በተረት ይመለስለታል። «ሌባ ለአመሉ» የተባለ ሰው እዚያው «አይጥ በበላ» ብሎ ሸንጎውን ሊያስቅና ሊያሳምን ይችላል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የምልልስ ጨዋታዎች ናቸው። ተነካሁ ያለ ሰው መልስ አለው፤ አንዳንዴም የሚረቱት አለቃ ራሳቸው ናቸው።

የእኔ ግድግዳ ላይ ግን የእትዬ ተራ አልነበረም። እኔ «በላ» ሳልል ዘልዬ «ልበልሃ» አልኩ። የጋዜጣ ጽሑፍ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ በቃል ሲነገር መልስ የነበረው ተረት፣ ወረቀት ላይ ሲወጣ መልስ አልባ ይሆናል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ከሞኝና ከወረቀት ጋር ቴሌግራምን ብንጨምር አባቶች የሚቃወሙን አይመስለኝም። እኔ ጋዜጣውን ከግድግዳው ብነቅልም ፎቶው እስካሁን አለ።

ድሮ ሌላም የፍርድ ዘዴ ነበር፤ ሌባሻይ የሚባለው። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው እሱ ነው» ይባላል። ይህ ልማድ በኋላ በመንግሥት ተከልክሏል፤ ዛሬ ስንሰማው «እንዴት ይሄን ያምናሉ?» እያልን እንገረማለን። ግን በእኔ ጽሑፍና በሌባሻይ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እኔም በአንድ ጣፋጭ ርዕስ ሰክሬ፣ እየተንገዳገድኩ ሄጄ አንድ ደጅ ላይ ወደቅኩ። ደጁ የእትዬ ሆነ። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደንግጓል። እሱን አንቀጽ ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እትዬ ደግሞ እንኳን ሊፈረድባቸው፣ አልተከሰሱምም ነበር።

በእኔም ላይ ተተርቷል

ለነገሩ ተረት እንዴት እንደሚያም አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ከዚያ በፊት ለመስክ ሥራ ከአንድ ወንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። ጥያቄውን ያዘጋጀሁትም የምጠይቀውም እኔ ነኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ኃላፊው ፈገግ ብለው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አሉና የእኔን ጥያቄ ለጓደኛዬ መለሱለት! እሱ እስክሪብቶም አልያዘም ነበር። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ለእንደዚህ ያለው ነገር «አላስቀኝም» ማለት ቀልድ እንዳልገባት ሴት ያስቆጥራል።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ተረት ሲነገር የሚያጸናው ሳቁ ነው። በክርክር የመጣን ሰው በክርክር ትመልሻለሽ፤ ሰው አስቆ የመጣን ግን በምን ትመልሽዋለሽ? ታዲያ ይህን በራሴ አይቼ ሳለ፣ ከጥቂት ወር በኋላ እኔ ራሴ ሰው አስቄ ሌላዋን ሴት መታሁ። በእኔ ላይ የተተረተው ለቀናት ሲቆጠቁጠኝ፣ እኔ የተረትኩት ግን አስደሰተኝ። ያቺ የራሷ ያረረባት ሴትዮ ለካ እኔ ነበርኩ።

የተረት ሁሉ ጠባዩ አንድ እንዳልሆነም እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ያው አባባል ከተለያየ አፍ ሲወጣ የተለያየ ሥራ ይሠራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አንድ ገበሬ ባለሥልጣን እያየ ሲተርተው ምጸት ነው፤ ባለሥልጣኑ ራሱ ሲተርተው ግን ፈቃድ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»ም እንዲሁ ነው፤ ምስኪን ሰው ሲለው ምሬት ነው፣ ጋዜጠኛ ሲለው ሥራ መልቀቂያ ማስገባት ነው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለውን ወላጆቻችን የሚሉት ትምህርትን ከማክበር ነው። እኛ ተማርን የምንለው ግን አንዳንዴ ቃል በቃል የወሰድነው ይመስለኛል። መግደል በብዕርም ይቻላላ!

እትዬ ምን አሉ

ማስተካከያ ጻፍኩ። አራት መስመር ነው፤ እዚያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ማንም አልተሰበሰበም፣ ማንም ፎቶ አላነሳውም። ለማስተካከያው የሚሆን የሚያስቅ ተረት አላገኘሁለትማ!

ከዚያ ወደ ሳህን ማጠቢያው ሄድኩ። እጃቸው አረፋ ውስጥ ነበር። ማንነቴን ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይቅርታ እትዬ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ እንኳ ማንበቡን ብዙም አልችለውም» አሉ። «ልጆቹ ናቸው ያነበቡልኝ። እየሳቁ ነው ያነበቡልኝ።»

ዝም አልኩ።

«ጠይቀሽኝ ቢሆን ፌስታሉን ከፍቼ አሳይሽ ነበር። ደመወዜን ቢቆርጡኝ፣ ጥፋት አግኝተውብኝ ቢያባርሩኝ ምን እላለሁ? በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ነው ነገሩ። ጭብጦዬ ናት ያንገበገበችኝ፣ ልጄ።»

በፍርድ የሄደችው በቅሎ አታንገበግብም፤ ያለ ፍርድ የሄደችው ትንሿ ጭብጦ ግን ታንገበግባለች። እኔ ስለ ዳቦ ተርቼባቸው እሳቸው በጭብጦ መለሱልኝ። ያቺ ናት የተነጠቁት «በላ ልበልሃ»። የእኔ ተረት በሌላ ሰው ላይ በር የዘጋ ነበር፤ የእሳቸው ግን የራሳቸውን ጉዳት ነገረኝና ስለ ሥራዬ መልሼ እንዳስብ አስገደደኝ። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሀብት ነው፤ አጠቃቀሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ታዲያ ምን ይሁን?

«ተረት የሌለው ጽሑፍ የቢሮ ሰርኩላር ይመስላል» የሚሉኝ ልጆች አሉ። እውነት ነው። ስለዚህ ተረት እንጣል እያልኩ አይደለም። ለራሴ ያወጣኋቸውን ጥቂት ደንቦች ግን ለክፍሌ ልጆችም ባካፍል ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ በጥፋት የተጠረጠረ ሰው ባለበት ዜና ርዕስ ላይ ተረት አይግባ። ሰውየው ተናግሮ፣ ነገሩ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ደግመን እናስብበት።

ሁለተኛ፣ ተረት ሲመጣልን ባላንጣውን እንፈልግለት። ተቃራኒው ተረት ለዚያው ታሪክ እኩል ልክክ ካለ፣ በእጃችን ያለው ወሬ ነው፤ ገና ዜና አልሆነም ማለት ነው። ተመልሰን እንሂድ።

ሦስተኛ፣ ተረቱን ለተናጋሪው እንተውለት። እናትየዋ በቃለ መጠይቅ ላይ ከተረቱ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እናስገባው፤ ያኔ የሚናገረው ሰው ይታወቃል። በራሳችን ስም መተረት ካማረን ደግሞ እንዲህ እንዳለው ዓይነት የአስተያየት ገጽ አለልን።

አራተኛውን ለትምህርት ክፍላችን ነው የማቀርበው። ይህ መጽሔታችን የማስተካከያ ዓምድ የለውም። ስህተቱ ፊት ለፊት ገጽ ላይ ከወጣ ማስተካከያውም በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። መምህራኖቻችንም የግድግዳ ጋዜጣችንን ሲያርሙ ለርዕስ ማማር ከሚሰጡን ነጥብ ላይ ጥቂቱን ቀንሰው «የተነካውን ሰው አነጋግረሻል ወይ?» ለሚለው ቢያውሉት እላለሁ። የእኔ ጽሑፍ በርዕሱ ምክንያት ጥሩ ማርክ አግኝቶ ነበር። ማርኩን ስላልመለስኩ አሁን በይፋ ተናዘዝኩ።

ብዙዎቻችን «እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» ብለን እንጽናናለን። እኔም ተጽናንቼበት ነበር። ግን ይሄም ተረት ነው፤ የጨሰው እኔ ብሆንም ዓይኑ ያነባው ሌላ ሰው ነው። ከሁሉም ይልቅ ለሙያችን የተተወልን የሚመስለኝ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ነው። እሱ በማንም ላይ አይፈርድም። ለሰሚው ሥራ ይሰጠዋል።

እትዬ አሁንም ሳህን ማጠቢያው ጋ ናቸው። መስኮቱ ላይ እንዲመለሱ ኃላፊውን ጠይቄላቸው ነበር፤ ራሳቸው አልፈለጉም። «እዚህ ይሻለኛል፣ ፊቴን የሚያየኝ የለም» ነው ያሉት። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ጠርተው ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል እንደጀመሩ ነገሩኝ። ሳቅን። ጭብጦዋ ግን አሁንም አልተመለሰችም።

ቸር እንሰንብት!